ለእትዬ ሲዲ የተገዛው ኬዝ

ጥቅምት 4

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለቀጮ፤

ብርዱም ሥራውም ይለዝብልሽ፣ የሄድሽበት በር ሁሉ ይከፈትልሽ እያልኩ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። እኔ ፀጉር ቤቴን ጠዋት እየከፈትኩ ማታ እየዘጋሁ አለሁ። ጆሮዬ እንደምታውቂው ለጌጥ ነው የቀረው። ደንበኞቼ ግን ደስ ይላቸዋል፤ የሚያወሩት ሐሜት ሁሉ ከፀጉራቸው ጋር እዚያው ተጠርጎ ይወጣል።

ደጋግመሽ ብትደውዪ የሚያነሳ እንዳጣሽ ደብዳቤያችንን የሚያመላልሰው ነጋዴ ነገረኝ። የቤታችን ስልክ እትዬሽ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ስልክ ቤት ተቀምጣ ሰውን ከሰው ስታገናኝ ኖራ ደንቆሮ አገባች ብለው ሲስቁባት፣ «ቤቴ ስገባ እንኳ ልረፍ» ነበር መልሷ። ታዲያ ከክረምት ጀምሮ ቃላት ይምታቱባታል። መቀሱን አቀብይኝ ስላት መስኮቱን ትከፍታለች። ባለፈው ሳምንት እኔን «ማንኪያ» ብላ ጠራችኝ። መጀመሪያ አብረን ሳቅን። ቀኝ እጇ ብርጭቆ መጣል ሲጀምር ግን ሳቁ ቆመ።

ሐኪሟ ትልቁ ሆስፒታል ልኮን ራሷን በኤም አር አይ አነሷት። በግራ በኩል የበቀለ ነገር አለ። ሐኪሟ «ይወጣል ወይስ አይወጣም የሚለውን ለመቁረጥ እኔ አልደፍርም፣ ይህን የሚያውቀው እገሌ ነው» ብሎ የጠራልኝ ሐኪም ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አንቺ ልብስ ማጠቢያው ክፍል የምትሠሪበት ሆስፒታል ያለው የራስ ቀዶ ሐኪም! ሳይደግስ አይጣላም አልኩ። እሱ ፎቶዎቹን አይቶ «አምጧት» ካለ ያለንን ሁሉ ሸጠንም ቢሆን እናመጣታለን።

ችግሩ ፎቶዎቹ ያሉት ሲዲ ላይ መሆኑ ነው። ከእኛ በኋላ የሆስፒታሉ መሣሪያ ተበላሸ፣ እዚያ የቀረው ቅጂም አብሮ ጠፋ። ያለን ይሄ አንድ ሲዲ ብቻ ነው። እሱን ይዤ ያላንኳኳሁት ቤት የለም፤ የዛሬ ኮምፒውተር ሁሉ ግን የሲዲ አፍ የለውም። የእኛ የድሮ ላፕቶፕ ነበረው፤ እሱ ደግሞ ሞቷል። ጠጋኙ ከፍቶ የሲዲ ድራይቩን፣ ሲዲ የሚያነበውን ክፍል፣ ከሆዱ ጎትቶ አወጣልኝና «ይኼ ጤነኛ ነው፤ የውጭ ኬዝ፣ መክተቻ ሣጥን፣ ካገኘህለት በገመድ ከየትኛውም ኮምፒውተር ጋር ይሠራል» አለኝ። ኬዙ እዚህ አይሸጥም። አንቺ ፈልጊልኝና በነጋዴው እጅ ላኪልኝ። ጎረቤታችን መምህሯ ላፕቶፕ አላት፤ ፎቶዎቹ ለኢንተርኔታችን ስለሚከብዱ በፍላሽ ገልብጠን እንልክልሻለን።

እትዬሽ ሰላም በልልኝ ብላለች። ቃሉን ስታገኘው እንዴት ደስ እንዳላት!

አጎትሽ

ጥቅምት 21

ለማከብርህ ጋሼ፤

ጤናህን ያጽናልኝ፣ ለእትዬ ምሕረት ያውርድላት፣ እኔም ቆሜ ላያችሁ ያብቃኝ። ደብዳቤህን ያነበብኩት ማጠቢያው ክፍል፣ የአንሶላ ክምር ላይ ቁጭ ብዬ ነው። አለቃዬ ያመመኝ መስሏት ውሃ ይዛልኝ ሮጠች። አላመመኝም አልኳት፤ እትዬ ለኔ ማን እንደሆነች በሷ ቋንቋ እንዴት ብዬ ላስረዳት?

ሐኪሙን አግኝቼዋለሁ። የቀዶ ልብሱን ሊወስድ ሲመጣ በር ላይ ጠበቅሁት። ሰዓቱን ደጋግሞ ቢያይም ቆሞ ሰማኝ። «ፎቶዎቹን አምጪልኝ፤ ሳላይ አዎም አይደለምም አልልም» አለ። ስለዚህ ጋሼ፣ ሁሉም ነገር እዚያ ሲዲ ላይ ነው።

ሲዲውን ራሱን ለምን አትልከውም? እሱ ካልሆነም ድራይቭና ኬዝ አብሮ የተሠራ አዲስ ልላክልህ፤ አውጥተህ መሰካት ብቻ ነው። እንደማውቅህ ግን ሁለቱንም እምቢ ትላለህ፣ ስለዚህ ሱቅ ሄጄ ስለ ባዶው ኬዝ ጠይቄልሃለሁ። ድራይቮች በውፍረት ሁለት ዓይነት ናቸው። ቀጭኑ ዘጠኝ ሚሊሜትር ተኩል ነው፤ ወፍራሙ አሥራ ሦስት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ለአንዱ የተሠራ ኬዝ ለሌላው አይሆንም። ስትለካ የፊቱን ፕላስቲክ ሳይሆን የብረቱን አካል ለካ። ከኋላው ያለውን መሰኪያም እይልኝ፤ አንድ ረጅምና አንድ አጭር ጠፍጣፋ ምላስ ነው ወይስ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ቀጫጭን መርፌዎች? መርፌ ከሆነ የድሮው ዓይነት ነው፣ ኬዙም ሌላ ነው።

እባክህ ቶሎ መልስልኝ። እትዬን በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ።

ቀጮ

ኅዳር 6

ይድረስ ለቀጮ፤

በሰው አገር ሰው ይስጥሽ። ለሐኪሙም ዕድሜ ይስጠው፣ እጁን ይባርከው።

ሲዲውን ልላክ? በማን? በነጋዴው? አምና የላክሽልኝ መነጽር ላይ ተቀምጦበት ያመጣው እሱ አይደለም? ጭራሽ «መስታወቱ ቀጭን ነው» ብሎ አኩርፎኛል። ፍላሽ ቢሰበር ደግሜ እገለብጣለሁ። ሲዲው ቢሰበር የማን ደጅ እጠናለሁ? አዲሱን ልግዛልህ ላልሽውም፣ ጤነኛ ድራይቭ እጄ ላይ እያለ ለምን? ጠጋኙ ዓይኔ እያየ ፈትሾልኛል። ከማላውቀው አዲስ የማውቀው አሮጌ ይሻለኛል።

ለክቼዋለሁ። የመምህሯን ማስመሪያ ተውሼ፣ በመነጽሬ በተረፈው አንድ ዓይን አየሁት። አሥራ ሦስት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፤ ወፍራሙ ማለት ነው። ከኋላው ሁለት ምላስ አለው፣ ረጅምና አጭር። መርፌ የለውም።

መምህሯ ለእትዬሽ ዘዴ አምጥታላታለች። በየዕቃው ላይ ስሙን በትልቁ ጽፋ ለጠፈችላት፤ በር፣ ወንበር፣ ማሰሮ፣ መስታወት። ጠዋት ጠዋት እየዞረች ታነባቸዋለች። ትናንት «ወንበር» የሚለውን ልጣ እኔ ደረት ላይ ለጠፈችውና በሳቅ ሞተች። እኔም ሳቅሁ፣ ቀኑን ሙሉም ለጥፌው ዋልኩ። ሐኪሟ ግን ባየኝ ቁጥር «ከዚያ ማዶ ምን አሉ?» ይለኛል። ነገሩ ቶሎ ያድጋል ብሏል። እኔ የማደርገው ባጣ የነጋዴውን መኪና መንገድ ላይ እየወጣሁ አያለሁ።

አጎትሽ

ኅዳር 24

ለጋሼ፤

ይህ ደብዳቤ በጤና ያግኝህ፤ ከሱ ጋር ያለው ዕቃም ሳይቀመጥበት ይድረስህ!

ለወፍራም ድራይቭ የሚሆነውን ኬዝ ገዝቻለሁ። ጥቁር ነው፤ ከታች አራት የጎማ እግር አለው። አገጣጠሙን በደንብ ስማኝ። መጀመሪያ ክዳኑን ወደ ኋላ ሳብ። ድራይቩን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተህ ምላሶቹን ወደ መሰኪያው አቅናና በዝግታ ግፋ፤ አታስገድደው። ገብቶ ሲይዝ ቀጭ ይላል። ከዚያ በጎን ያሉትን ብሎኖች አጥብቅ፣ ክዳኑን መልስ። ገመዱ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰኩ ሁለት ራሶች አሉት። ጋሼ፣ ሁለቱም ይሰካ። አንዱ ብቻውን ድራይቩን ለማዞር የሚበቃ ጉልበት አይሰጥም።

ሐኪሙ ትናንት መተላለፊያው ላይ አግኝቶኝ ራሱ «የዘመድሽ ፎቶስ?» አለኝ። እየመጣ ነው አልኩት። እንዳላፍርበት አድርግ። በምሳ ሰዓቴ ሁሉ የማስበው እትዬን ከአውሮፕላን ማረፊያው ተቀብዬ ስወስዳት ነው። ክፍሌ ጠባብ ናት፤ አልጋውን ለሷ እለቃለሁ።

ቀጮ

ታኅሣሥ 12

ይድረስ ለቀጮዬ፤

እጅሽ ይባረክ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ! ኬዙ ደረሰ። ነጋዴው በዚህኛው ላይ አልተቀመጠም።

ስሕተቱ የኔ ነው። አንቺ የብረቱን አካል ለካ ብለሽኝ፣ እኔ ማስመሪያውን ያስጠጋሁት አፉ ላይ፣ የፕላስቲኩ ከንፈር ወጣ ያለበት ላይ ኖሯል። ፀጉር አስተካካይ ምን ጊዜም የሚለካው ከፊት ነው። ድራይቩ ቀጭኑ ነው። ኬዙ ውስጥ ሳስገባው የአባቱን ኮት እንደለበሰ ሕፃን ተንገዋለለ፤ ምላሶቹም ከመሰኪያው ሥር እያለፉ ይሄዳሉ። ሌላ ላኪልኝ ብል ስንት ጊዜ ሊፈጅ ነው? ግማሽ ራሱን የተላጨ ሰው ወንበሩ ላይ ጥዬ ጓዳ ገብቼ ቆምኩ። ለምን እንደገባሁም አላውቅ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። የምላጭ ካርቶን ቆራርጬ ከድራይቩ ሥር እየደራረብኩ ከፍ፣ ከፍ አደረግሁት። ሲስተካከል ገፋሁት። ቀጭ አለ። አልሰማሁትም፤ በጣቴ ነው ያወቅሁት።

መምህሯ ቤት ወስደን ሰካነው። መብራቱ በራ፤ ሲዲው መዞር ጀመረና ተልፈስፍሶ ቆመ። ነቅለን ሰካን፤ ያው። ሲዲውን በሸሚዜ ጠርጌ መለስኩት፤ ያው። ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። ሁለተኛው የገመድ ራስ ለትርፍ የተሰጠኝ መስሎኝ በላስቲክ አስሬው ኖሯል! መምህሯ ደብዳቤሽን ተቀብላኝ አነበበችና «ሁለቱም ይሰካ ትላለች እኮ!» ብላ ጮኸችብኝ፤ ይህን እንኳ ሰማሁ። ሰካነው። ተከፈተ!

የእትዬሽ ራስ ከውስጥ እንዲህ ነው ለካ። ግራጫ፣ ስስ ስስ ሆኖ የተቆራረጠ ሽንኩርት ይመስላል። እሷም አጠገባችን ተቀምጣ ታይ ነበር። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ «ቤት» አለች። ልታርመው ታገለችና እንደገና «ቤት» አለች። መምህሯ ፊቷን አዞረች።

ፍላሹ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታሽጓል። እንግዲህ የኔ ሥራ አለቀ፤ የቀረው የአንቺና የሐኪሙ ነው። ሻንጣዋን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርጄ አቧራውን ጠርጌዋለሁ።

አጎትሽ

ጥር 28

ለምወድህና ለማከብርህ ለጋሼ፣ ለውዷ እትዬም፤

ሰላም ከደጃችሁ አይጥፋ። መከራ ስማችሁን ይርሳ። የምትቀመጡበት ወንበር፣ የምትተኙበት አልጋ ይመቻችሁ። ስለዘገየሁ ይቅር በለኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ማጠቢያ ማሽኖቹም ተበላሽተው ነበር።

ፍላሹ ደርሶኛል። ግን አልከፈት አለኝ። ምናልባት ስትገለብጡት ገመዱ ተነካክቶ ይሆናል፤ ወይም ካርቶኑ ድራይቩን አዛብቶት። ነቅለህ እንደገና ሰካውና ደግማችሁ ገልብጡልኝ። ቢዘገይም ግድ የለም።

እትዬ ትበላለች? አሁን ምን ደስ ይላታል? ራሷን ያማታል? የሚያማት ከሆነ ሐኪሟን ማስታገሻ ጠይቀው፤ አትቻይው በላት። ጠዋት ፀሐይ ላይ አብራችሁ ተቀመጡ። ለስላሳ ትራስና ለእጇ የሱፍ ጓንት ልኬያለሁ። ሌላ ምን እንደምትፈልግ ጻፍልኝ፤ ምንም ይሁን።

ቀጮ

የካቲት 10

ይድረስ ለቀጮ፤

ጤና ይስጥልኝ። ትራሱን ወዳዋለች። ጓንቱን ግን እኔ እግር ላይ ልታጠልቅልኝ ትሞክራለች።

አልከፈት አለኝ ስትዪኝ ወሽመጤ ተቆረጠ። ሁለት ወር ስንጠብቅ የነበረው ለዚህ ነው? አንቺን መውቀሴ አይደለም። ሆስፒታሉን፣ ላፕቶፑን፣ ማስመሪያውን፣ ራሴንም ወቅሼ ጨርሻለሁ። ሳምንቱን ፀጉር ቤቱን ዘግቼ መምህሯ ቤት ዋልኩ። ኬዙን ፈታሁት፣ ካርቶኑን ቀየርኩ፣ ገጠምኩት፤ ገለበጥን፤ እንደገና ፈታሁት። መምህሯ ደክሟት ቁልፉን ሰጥታኝ ወደ ሥራዋ መሄድ ጀምራለች። አሁን ሁለት ፍላሽ ነው የምልክልሽ፤ አንዱ እንቢ ቢል አንዱ።

እኔ እዚያ ተቀምጬ ሳለሁ እትዬሽ እኔን ፍለጋ ወጣች። ፀጉር ቤቱ ዝግ ሆኖ ስታገኘው እዚያው ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች። የት ነው ቤትሽ ቢሏት መመለስ አቃታት። ከቤታችን በር ላይ የላጠችውን ወረቀት ነው አውጥታ ያሳየቻቸው። «በር» ይላል እንጂ የማን በር እንደሆነ አይልም። ሰዎች አውቀዋት አመጡልኝ። ገብታ እጄን ስትይዘኝ ጣቶቼ ላይ የገመዱን ጎማ ጥቁረት አየችና በቀሚሷ ጠረገችልኝ።

ሐኪሙ ሲያይ የሚለውን ቃል በቃል ጻፊልኝ። ማሳመር አያስፈልግም።

አጎትሽ

የካቲት 29

ለጋሼ፤

ጤናና ዕረፍት፣ ትዕግሥትና ብርታት ከላይ ይውረድላችሁ። ቤታችሁን ደግ ሰው አይለየው። መምህሯን ፈጣሪ ይክፈላት።

ሁለቱም ፍላሾች ደርሰዋል። ከፎቶዎቹ ግማሹ ብቻ ነው የተከፈተልኝ፤ ሐኪሙ ደግሞ ሙሉውን ካላገኘ አያይም። አሰብኩበት፤ ጥፋቱ የገመዱ ይመስለኛል። ገመድ ሲረዝም ጉልበቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ቀጭን ገመድም እንደዚያው ነው፤ ውስጡ ያለው ሽቦ እንደ ክር ስለሚሳሳ መብራቱ ይበራል እንጂ ድራይቩ አይጠነክርም። ራሱ ሲሰካ ወለም ወለም ካለም ጥሩ አይደለም። ስለዚህ አጭርና ወፍራም ገመድ ልኬልሃለሁ። ኬዙንም ቀይሬዋለሁ፤ ይኼኛው ለቀጭኑ ድራይቭ በልኩ የተሠራ ነው። መልኩ ብርማ ነው፤ ብረት ስለሆነ ሙቀቱን ያወጣል፤ ጥቁሩ ፕላስቲክ ስለነበረ ይግል ነበር። ብሎኖቹ ከድሮው ያንሳሉ፤ ሳህን ላይ አስቀምጣቸው እንዳይጠፉብህ። ጠረጴዛው ይስተካከል፤ ሲዲው እየዞረ ኬዙን አታንሳው። ሲዲውን ስትጠርገው በሸሚዝ ሳይሆን በለስላሳ ጨርቅ፣ ዙሪያውን ሳይሆን ከመሐሉ ወደ ዳር ጥረገው። መጀመሪያ ኬዙን፣ ቀጥሎ ገመዱን፣ መጨረሻ ሲዲውን። ላፕቶፑ በሁለቱም ጎን መሰኪያ ካለው አንድ ጎን ያሉትን ሁለቱን ምረጥ። ካልሠራ የሌላውን ጎን ሞክር። እንደገና ካልሠራ ላፕቶፑን አጥፍታችሁ አስነሱት፤ አንዳንዴ እሱ ብቻ ይበቃዋል። ስለ ገመዱ ሌላ የማውቀውን በሚቀጥሉት ገጾች ዘርዝሬልሃለሁ፤ ሥዕልም ሥያለሁ።

ጋሼ፣ እባክህ ግን መምህሯ ቤት አትዋል። እትዬን ብቻዋን አትተዋት።

ቀጮ

መጋቢት 17

ይድረስ ለልጄ፤

አምላክ ካንቺ ጋር ይሁን። ዛሬ ሰላምታው ይጠርብኝ።

አዲሱ ኬዝ ልኩ ነው። ድራይቩ ያለ ካርቶን ገባ። ሲዲውን በአንድ ጊዜ ከፈተው። መምህሯ ፎቶዎቹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየቻቸው፤ አንድም የጎደለ የለም። በታኅሣሥ የገለበጥነው ላፕቶፗ ላይ ቀርቶ ኖሮ እሱንም ከፈተችው። እሱም ሙሉ ነው።

ቀጮ፣ ፀጉሩን ሊቆረጥ የሚመጣ ሰው ሁለት ቃል ይበቃዋል። አሳጥረው ይላል፣ ወይም አስተካክለው። ስለ ፀጉሩ አብዝቶ፣ ከጆሮው በላይ እንዲህ ከማጅራቱ እንዲያ እያለ የሚያወራ ሲገጥመኝ ግን ቤቱ ሐዘን አለ። ጆሮ አያስፈልገኝም፤ በመስታወቱ ውስጥ አፉን አያለሁ። አንቺ ስለ ገመድ አራት ገጽ ጻፍሽልኝ። ሐኪሙ ምን አለ ላልኩሽ አንድ መስመር የለውም።

ፎቶዎቹ መጀመሪያውኑ ተከፍተዋል። ሐኪሙ አይቷቸዋል። የሚደረግ ነገር የለም ብሎሻል። አንቺ ደግሞ ሆድ ይፍጀው ብለሽ ብቻሽን ይዘሽው ቆየሽ። ልዋሽሽ አልፈልግም፤ ተቆጥቼ ነበር። መምህሯ ቤት ገመድ ስነቅል ስሰካ የጨረስኳቸውን ቀኖች ሳስብ ደብዳቤሽን ጨምድጄ ወረወርኩት። ቆይቼ ግን አንስቼ አቃናሁት። እኔስ ብሆን በምን አፌ ለሷ እነግራታለሁ? ይኸው እስካሁንም አልነገርኳትም።

አሁን ልለምንሽ ነው። መምህሯ ላፕቶፑን እያዋሰችኝ ሥራውን ቤቴ አምጥቼዋለሁ። ጠረጴዛውን ስቤ አልጋዋ አጠገብ አድርጌዋለሁ። ኬዙን እፈታና ብሎኖቹን በግራ መዳፏ ላይ አኖራቸዋለሁ። ስገጥመው አንድ በአንድ ታቀብለኛለች። ይህ ሥራ ቃል አይጠይቃትም፣ እኔንም ጆሮ አይጠይቀኝም። ተሰክቶ ትንሿ መብራት ስትበራ በጣቷ ትጠቁመኛለች። ከዚያ «ይኼኛውን እንልክላቸዋለን፣ ሐኪሙ ገና አላየውም» እላታለሁ። ራሷን ትነቀንቅና ትንሽ ምግብ ትቀምሳለች። አንዳንዴ የምታውቅ ይመስለኛል። ቃል አይወጣትም እንጂ ዓይኗ ያው የድሮው ነው። እኔ አላልኳትም፣ እሷም አላለችኝም።

ተከፈተ ብለሽ ከጻፍሽ ምን አለ ብላ ታየኛለች። ያንን አስተያየት አልችለውም። ስለዚህ እውነቱን ለኔ ብቻ በቁራጭ ወረቀት ጻፊልኝ። ምን ያህል ጊዜ እንደቀራት ግን አትንገሪኝ። ደብዳቤውን ጮክ ብዬ የማነብላት አድርጊው፤ ገና አልተከፈተም በዪ። ይኸው ፍላሽ ልኬልሻለሁ፤ አትክፈቺው።

ገመድም ጨምሪልን። የሚሠራ ይሁን አይሁን ግድ የለኝም።

አጎትሽ

ሚያዝያ 2

ለጋሼ ብቻ፤

አዎ ጋሼ። ታኅሣሥ የላክኸው በደረሰ ቀን ተከፍቷል። ሐኪሙ ቁጭ በዪ ብሎ ወንበር ሲስብልኝ ነው የገባኝ። «ብነካት ያለቻትን ጊዜ እወስድባታለሁ» አለ። ከኔ ብሶ እሱ አዘነ። ወረቀት ገዝቼ ስንት ጊዜ እንደጀመርኩት አልነግርህም። «እትዬ» ብዬ ስጽፍ እጄ እንቢ ይለኛል፤ «ገመድ» ብዬ ስጽፍ ግን ይሄዳል። ስለዚህ ገመድ ገመድ እያልኩ ጻፍኩ። አንተን ከሷ ለይቼ ያን ያህል ቀን እንደማስቀምጥህ አላሰብኩም ነበር። ይቅር በለኝ። ይህን አንብበህ ቅደደው።

ሚያዝያ 2

ለጋሼና ለእትዬ፤

አንድ ላይ የተቀመጣችሁበት ክፍል ሙቀትና ሰላም ይሙላው። እኔ ደህና ነኝ፤ አሁን ትንሽ ወፍሬያለሁ፤ ቀጮ የምትሉኝን ብታዩኝ ትስቁ ነበር።

ፍላሹ ደርሷል። ገና አልተከፈተም። ሐኪሙም ገና አላየውም፤ ሲከፈት ለማየት ይጠብቃል። አሁንም ጥፋቱ የገመዱ ይመስለኛል። ሌላ ልኬላችኋለሁ፤ መልኩ ሰማያዊ ነው። ሁለት ራሶች አሉት፣ ሁለቱንም ሰኩ። እትዬ፣ ጋሼ ብሎን ይጥላል፤ አንቺ ያዥለት፣ ሲጠይቅሽ ብቻ አቀብዪው። ትንሿ መብራት መብራቷን አንቺ እዪለት።

ቀስ ብላችሁ ሞክሩት። ካልሠራ ጻፉልኝ፣ ሌላ እልካለሁ።

ቀጮ